ሐዘን በየትኛው ሐ ይጻፋል

ለኮምፒዩተር «ሀዘን» እና «ሐዘን» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ለአምስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህሬም እንደዚያው። በሁለቱ መሀል ቆሜ «ያው ነው» ስል የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም የድረ ገጽ ሠራተኛ ሆኜ፣ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስትስት ቀኑን ሙሉ ስፈልጋት የምውለው እኔ።

ነገሩ የተጀመረው በእድራችን ነው። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በተወለድኩበት ግቢ ከእናቴ ጋር ነው። እድራችን በዕድሜ ይበልጠኛል። ቄስ የሚያስመጣውም፣ መዝሙር የሚያዘምረው ፕሮቴስታንቱም፣ ከደቡብ መጥቶ ሱቅ የከፈተው ሙስሊም ጎረቤታችንም በአንድ ድንኳን ሥር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ሲያስተዛዝኑ እያየሁ ነው ያደግኩት። የእድሩ ጸሐፊ እኚሁ መምህሬ ናቸው፤ ኮተቤ ሠልጥነው፣ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም እንደዚያው።

ሰፈሩ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ቤቱ የፈረሰበትም፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰውም ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ ወዳለው አያት ሰፈር ሄዷል። የጋሼ ሁለት ልጆችም እዚያው ናቸው። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ የኛ ጡሩምባ አያት አይሰማም። በስልክ እናርዳ ብንል ግማሹ ሰው ቁጥሩን ቀይሯል። የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቶም ነበር፤ በሳምንቱ በ«መልካም ቀን» አበባ እና በሚሸጥ ፍሪጅ ተሞልቶ ትልልቆቹ አንድ በአንድ ወጡ። በመጨረሻ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ሲያርፉ አያት ያሉት መርዶውን የሰሙት ከተቀበሩ በኋላ፣ በሰልስቱ ነው። ተቆጡ። ቁጣቸው ልክ ነበር።

ቁጣውን ወደ ሐሳብ የቀየረው አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ኳስ ሲጫወት ያደገ፣ አሁን አያት ሱቅ ያለው ሰው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» አለ። «እዚያ የራሳችንን እድር እናቋቁም። ተጣልተን አይደለም፤ ርቀን ነው።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚውለው እሑድ ጉባኤ ተጠራ። እድሩ አንድ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ለሁለት ይከፈል ተብሎ ድምፅ ሊሰጥ ነው።

በዚያ ሰሞን ጋሼ ቤታችን መጥተው ከእናቴ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። «ባለቤቴን የቀበራት ይህ እድር ነው» አሉ። «ከተከፈለ እኔ እዚህ፣ ልጆቼ እዚያ። እኔ ስሞት በአባታቸው ድንኳን ውስጥ እንግዳ ሆነው ሊቀመጡ? ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ቀባሪ አያሳጣኝ ነው የምለው።» ጋሼን ፈርተው ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

እናቴ በአገጯ ወደኔ እያመለከተች «ይቺ ኮምፒዩተር ትሠራ የለ» አለች። እናቴ ኮምፒዩተር ትሠራለች ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ በሷ ምክንያት የጎረቤት ፕሪንተርም፣ የቴሌቪዥን ሪሞትም እጄ ገብቶ ያውቃል። የዚያን ዕለት ግን እሺ አልኩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ጸሐፊው ብቻ የሚጽፍበት፣ ሌላው የሚያነበው አንድ የሐዘን ገጽ። ሰው ሲሞት ጋሼ ይጽፋሉ፣ አባሉ ሁሉ ስልኩ ላይ ባለው ሊንክ ከፍቶ ያያል። ጉባኤው ላይ አያት ያሉት ይህንን ከፍተው ካዩ የመለያየት ምክንያት አይኖራቸውም። የጋሼ ተስፋ ይኸው ብቻ ነበር።

ሥራውን ላፕቶፔ ላይ ጀመርኩ። ድረ ገጽ ሲሠራ ወዲያው ለሰው አይወጣም፤ ያልበሰለ ወጥ ለእንግዳ አይቀርብም። ለዚህ ሆስትስ የሚባል አንድ ትንሽ ፋይል አለ። እዚያ ውስጥ አንድ መስመር ጽፌ ላፕቶፔን «ይህን የድረ ገጽ ስም ስጠራ ወደ ኢንተርኔት አትውጣ፤ እዚሁ አንተው ውስጥ ያለውን ቅጂ አሳየኝ» እለዋለሁ። ጠንቃቃ ሰው ለዚህ የውሸት ስም ይጠቀማል። እኔ ኋላ መቀየሩ ሰልችቶኝ የእድሩን እውነተኛ ስም ሰጠሁት። ከዚያች መስመር በኋላ ሌላ ሰው ያንን ስም ሲጠራ እውነተኛው ድረ ገጽ «አቤት» ይላል፤ እኔ ስጠራው ግን «አቤት» የሚለኝ የራሴው ላፕቶፕ ነው። ሥራው ሲያልቅ መስመሯን ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋኋትም።

ጋሼ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዳገቱን ወጥተው ይመጡ ነበር። በር ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ድረስ ከእንጦጦ ስለሚወርደው ጉም ያወራሉ፤ ደክሞኛል ላለማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከእድሩ ስም ቀጥሎ «ሀዘን» የሚለውን የገጹን አድራሻ ሲያዩ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይሄ ሀሌታው ሀ ነው» አሉ። «ሐዘን የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው።»

«ያው ነው ጋሼ» አልኩ። ሀሌታው ሀ አንድ ቁልፍ ተነክቶ ይወጣል፤ ሐመሩ ሁለት ጣት ይፈልጋል። ምክንያቴ ይኸው ነበር፤ ሌላ የለኝም።

«ድምፁ ነው ያው የሆነው። ጆሮ ስለሰነፈ ዓይንም ይስነፍ? ‹ሠረቀ› በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ ነው። ያው ነው ብለሽ ፀሐይን ልታሳስሪ ነው?»

ሳቅኩ፤ ግን አልቀየርኩትም።

በሁለተኛው ሳምንት ድረ ገጹን ሰው ሁሉ በኢንተርኔት ወደሚያገኘው እውነተኛ ሰርቨር አወጣሁት። የእድሩ ሊቀመንበርም ሊንኩን ለአባላቱ ሁሉ ላኩ። ለጋሼ ከስልካቸው እየገቡ እንዲጽፉ የይለፍ ቃል ሰጠኋቸውና «እስቲ ለሙከራ አንድ ማስታወቂያ ይጻፉ» አልኳቸው። እኔ ላፕቶፔ ላይ «ሙከራ ሙከራ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን እንዲያፍታቱ እውነት የሚመስል ነገር ቢጽፉ ይሻላል ብዬ ነው።

ሐሙስ ዕለት ደወሉ። «ጽፌዋለሁ። የአድራሻውንም ፊደል አስተካክዬዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። ተናደድኩ። ሊንኩ በሀሌታው ሀ ተጽፎ ለሰው ሁሉ ሄዷል። ወደ ቦታው ልመልሰው ላፕቶፔን ስከፍት አድራሻው እንደነበረው በሀሌታው ሀ ነው። «ምስኪን፤ አስተካከልኩ ብለው ሳያስቀምጡት ቀሩ» አልኩ ለራሴ። ቢሆንም ልቤ አላረፈም፤ ሰርቨሩን ወደ ማስተዳድርበት ሌላ ገጽ ገብቼ አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ፤ በሐመሩ ሐ የመጣ ሁሉ ወደ ሀሌታው ሀ ይሂድ የሚል። ትእዛዙ ቋሚ ይሁን ወይስ ጊዜያዊ ብሎ ሲጠይቀኝ ቋሚ አልኩ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ሽማግሌ ላለማስከፋት ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ክርክሩን ማሸነፍ ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ ሞከርኩ። ሠራ። ለእናቴ አሳየኋት፤ «ሙከራ ሙከራ» የሚለውን አንብባ «ጥሩ ነው» አለች።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ የእድሩ ቤት ሞላ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግድግዳው ሥር የተደረደረ አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ የድንኳኑ ብረት እና ድስቶቹ። አያት ያሉት በሁለት ሚኒባስ መጡ። ሲሳሳሙ እና ሲተቃቀፉ ላያቸው ለመለያየት የመጡ አይመስሉም። ሊቀመንበሩ ስለ ድረ ገጹ ተናገሩና «እስቲ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡና ክፈቱት» አሉ። ስልኩን ከሸሚዝ ኪሱ ያላወጣው ነጋዴው ብቻ ነው። «እኔ ለሌላው ሲከፈትለት እከፍታለሁ» አለ።

ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም «እኔ ጋ ይዞራል»፣ «እኔ ጋ እምቢ አለ» ይባል ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ ስልክ አየሁት፤ ነጭ ገጽ ላይ፣ ድረ ገጹ ደጋግሞ ወደ ሌላ ቦታ እየመራ እንዳስቸገረ የሚናገር መልእክት ወጥቷል። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ያለ ምንም ችግር መጣ። ወደ ሰው አዙሬው «እኔ ጋ ይሠራል» አልኩ። በሙያችን ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ዓረፍተ ነገር የለም፤ ሁላችንም ግን እንለዋለን።

ነጋዴው ቢያፌዝብኝ ይሻለኝ ነበር። በትሕትና ነው የተናገረው። «እህቴ፣ ለፍተሻል፤ እግዜር ይስጥልን። ግን እዚሁ አንድ ቤት ተቀምጠን ያላገኘነውን አያት ሆነን ልናገኘው ነው?» ጋሼን አየኋቸው፤ የአባላቱን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ሊቀመንበሩ ሻይ እና ዳቦ ታድሎ እስኪያልቅ ጊዜ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ይሰጣል።

ድስቶቹ ያሉበት ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሰርቨሩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ኔትወርኩን፣ ቀጥሎ የሰዉን ስልክ፤ ራሴን ለመጠርጠር ገና ወረፋው አልደረሰኝም። ጋሼ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስክሪኑን አይተው «ይሄን እኔ አልጻፍኩትም» አሉ።

«የቱን?»

«‹ሙከራ ሙከራ› የሚለውን። እኔ የጻፍኩት በሥርዓቱ ነው። አድራሻውም ይኸው ሀሌታው ሀ ነው። ቀይሬዋለሁ አላልኩሽም?»

ሳያስቀምጡት ቀርተው ነው ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብተር ያረሙ ሰው ናቸው፤ ያረሙትን ያውቁታል። የሳቸው ጽሑፍ እዚህ ከሌለ እያየሁ ያለሁት የእድሩን ድረ ገጽ አይደለም ማለት ነው። ሆስትስን ከፈትኩት። መስመሯ እንደተቀመጠች ናት። ሳምንቱን ሙሉ እድሩን የጠራሁ እየመሰለኝ ራሴን ስጠራ፣ ራሴው «አቤት» ስል ከርሜያለሁ። አፈርኩ፤ በተለይ እሳቸውን «ምስኪን» በማለቴ።

መስመሯን አጥፍቼ እንደገና ከፈትኩ። ላፕቶፔ እንደ ሰው ሁሉ ስልክ መዞር ጀመረ። ስሕተት አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰርቨሩ ላይ ያሉትን የአቅጣጫ ትእዛዞች ዝርዝር አወጣሁ። ሁለት ናቸው። አንደኛውን ጋሼ አድራሻውን ሲያርሙ የድረ ገጹ ሥርዓት በራሱ ጽፎታል፤ በሀሌታው ሀ የመጣውን ሰው ወደ ሐመሩ ሐ ይልካል። ሁለተኛው የኔው ነው፤ በሐመሩ የመጣውን ወደ ሀሌታው ይመልሳል። አንደኛው ሲልክ ሌላው ሲመልስ ሰውየው መሀል ላይ ይቀራል።

«ሁለተኛውን ማን ጻፈው?» አሉ ጋሼ፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስጠግተው።

ስለ ሥርዓቱ ረጅም ማብራሪያ ሰጥቼ ማምለጥ እችል ነበር፤ ያምኑኝ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እርስዎ ያረሙትን መልሼ ለማፍረስ ነው የጻፍኩት። ሳልነግርዎት።»

«እና ዛሬ እድሩን የሚከፍለው ይሄ ነው?»

«አዎ።»

ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጡም። «እንግዲያው ቶሎ በይ» ብቻ አሉ።

የኔን ትእዛዝ አጠፋሁ፤ የሳቸው ቀረ። ከፈትኩት። አሁንም ዞረ። ከዚያ «ቋሚ» ማለቴ ትዝ አለኝ። ጊዜያዊ የተባለውን ትእዛዝ ብሮውዘር፣ ስልኩ ላይ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ በየጊዜው ተመልሶ ይጠይቃል፤ ቋሚ የተባለውን ግን አንዴ ከሰማ በቃው፣ ይዞት ይቀመጣል። ገጹን የሞከረ ስልክ ሁሉ የሰረዝኩትን ትእዛዝ እንደ ቂም ቋጥሮታል። የእያንዳንዱን ስልክ ማኅደረ ትውስታ ማጽዳት ይቻላል፤ ያን ሁሉ ሰው ስልክ በምን ጊዜ? ብርጭቆዎቹ እየተሰበሰቡ ነው። የሚያስፈልገኝ አንድም ጊዜ ያልሞከረ ስልክ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እንደዚያ ያለ ስልክ አንድ ብቻ ነው።

ወደ ነጋዴው ሄድኩ። «ስልክህን አውጣ» አልኩት።

«ለሌላው ተከፈተ?»

«ለማንም አልተከፈተም። ላንተ ግን ይከፈታል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው ስልክ የኔን ጥፋት ይዞ ቀርቷል። ያንተ ንጹሕ ነው።»

ከት ብሎ ሳቀና ስልኩን አወጣ። ሊንኩን ነካ። ስልኩ ትንሽ አሰበና ገጹ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ፊቱን አይተው «ምን ይላል? ጮክ ብለህ አንብብልን» አሉ።

ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የጋሼን ስም ከነአባታቸው ጠራ። «የእድራችን ጸሐፊ የነበሩት መምህር ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ድንኳኑ በራቸው ላይ ይተከላል። ልጆቻቸው የሚኖሩት አያት ነው፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እነሱ ሳይደርሱ አስከሬን እንዳይወጣ። አያት ያላችሁ የድሮ ጎረቤቶቻቸውም እንድትመጡ ሟቹ በሕይወት ሳሉ ለምነዋል።» መጨረሻው ላይ ድምፁ ወርዶ በጭንቅ ነው የሰማነው።

ከሴቶቹ አንዷ «ምን ዓይነት ሟርት ነው» አለች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሼ ተነሡ፤ ስሕተት እንደተገኘበት ተማሪ አፍረው ነበር። «ለሙከራ ጻፉ ተባልኩ» አሉ። «የማንን ስም ልጻፍ? በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? የራሴን ጻፍኩ። የራስ ስም ማንንም አያስቀይምም።»

ነጋዴው ስልኩን እያየ ቆመ። እሱንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ጋሼ፣ ይቺን ‹ሐዘን› የምትለውን ቃል በሀሌታው ጽፌያት ማርክ ቀንሰውብኛል» አለ።

«አስታውሳለሁ» አሉ።

«የራሳችን እድር ይኑረን ስል የማስበው ስለ ራሳችን ሬሳ ነበር። የእርስዎን አላሰብኩትም።» ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ድምፅ መስጠቱ ይቆይልን። አንድ ዓመት በዚህ እንሞክረው።» አያት ያሉት አጉረመረሙ፣ ተነጋገሩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እሺ አሉ።

«አንድ ዓመት ለኔ ይበቃኝ ይሆናል» አሉ ጋሼ። ሰው ሳቀ። ቀልደው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እውነተኛ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ አያት ያሉት ቀብር ላይ ደርሰዋል። ዓመቱ ገና አልሞላም፣ ሲሞላ ምን እንደሚወሰን አላውቅም። ስለ «ያው ነው» ግን ብዙ አስቤያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው የምንለው ልዩነቱ እኛን ሳይከብደን ሌላውን ሲከብደው ነው። እኔ ሁለት ጣት ማንሳት ሰንፌ የአንድን ሰው ቀብር ልከፍል ነበር።

ከጉባኤው በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ ለጋሼ ደውዬ የሙከራውን ማስታወቂያ ላጠፋው መሆኔን ነገርኳቸው፤ ሰው እያየ እንዳይደነግጥ።

«ከሰው ፊት አንሺው» አሉ። «ግን አታጥፊው።»

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?»

«የዚያን ቀን ልጆቼ ማልቀስ እንጂ መጻፍ አይሆንላቸውም። ጽሑፉ ታርሟል፤ ፊደሉም፣ አራት ነጥቡም በቦታው ነው። የቀረው ቀኑ ነው። እሱን አንቺ ትሞይዋለሽ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ጽሑፉ አሁን ረቂቆቹ መሀል ተቀምጧል። ድረ ገጹን ላድስ በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ጋሼ ቀን የሚገባበትን ቦታ ክፍት ትተውታል፤ ጠቋሚዋ እዚያ ላይ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃለች። ቶሎ ብዬ ዘግቼው እወጣለሁ።